ሪፐብሊካኑን ነገ እንጥለዋለን

በሕይወቴ የታሰርኩት ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። ያሳሰረኝም የአሜሪካ ፖለቲካ ነው። አሜሪካን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ቪዛዋንም ጠይቄ አላውቅም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ አልቀየማቸውም፤ አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ጅቡቲ ውስጥ ትራንዚተር ነኝ። ከመርከብ የወረደ ዕቃ ወረቀቱ አልቆ፣ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ እስኪነሳ ድረስ ከቢሮ ቢሮ የምሯሯጠው እኔ ነኝ። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፈረንሳይኛ ስለምችልና ዜና ስለምከታተል በሾፌሮቹ መካከል ራሴን እንደ ሊቅ እቆጥር ነበር። አፌ ፈጣን ነው። እናቴ "ብሩክዬ፣ አንተ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን ታዘጋጃለህ" ትለኝ ነበር። እኔ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

ምሳ የምንበላው ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባለው ሰፈር፣ ዘይነባ ቤት ነው። መኪናቸውን ከከተማ ውጭ አቁመው የጭነት ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ሁሉ እዚያ ይመጣሉ። ዘይነባ አንድ የማይታጠፍ ሕግ አላት፦ የአገር ቤት ፖለቲካ በእሷ ጠረጴዛ ላይ አይነሳም። ከየክልሉ የመጣ ሰው አንድ ትሪ ከቦ ነው የሚበላው። አንድ ቀን በዚሁ ነገር ጠብ ተነስቶ ወንበር ከተሰበረ ወዲህ ያወጣችው ሕግ ነው። ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ደግሞ ሳይከራከር አይውልም። ስለዚህ የሰው አገር ፖለቲካ ይዘን አረፍነው። የአሜሪካ ጉዳይ የማንንም ቁስል አይነካም ብለን ነበር።

ሪፐብሊካኑ ጋሽ ታደሰ ናቸው። በዚያ ጊዜ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የማይሞላ ጊዜ የቀራቸው፣ በዚህ መንገድ ላይ ያረጁ ሾፌር ነበሩ። "መንግሥት እጁን ይሰብስብ፤ ሰው የለፋበትን በግብር አይንጠቀው። አገር ድንበሩን ይጠብቅ፤ ፋብሪካውን በደጁ ይክፈት። እርዳታ ሰውን ያሰንፋል" ይላሉ። ወግ አጥባቂ ስላቸው ደስ ይላቸዋል። "ወግ ማጥበቅ ምን ነውር አለው? ነውሩ ወግ ማላላት ነው" ብለው እኔን ያዩኛል። እኔ ዲሞክራቱ ነኝ፤ ሲያሾፉብኝ ደግሞ "ለዘብተኛው" እባላለሁ። እኔ የምለው ገበያ ብቻውን ከተተወ ጉልበተኛ ይውጠዋል፣ ሀብታሙ ከፍ ያለ ግብር ይክፈል፣ ለታመመ ሐኪም ለልጅም ትምህርት ቤት መንግሥት ያቅርብ ነው። የገበታው ሰው እያጨበጨበ አሸናፊውን ይለያል። የተሸነፈው "ወደቀ" ይባላል። በክርክር ሰዓት አንቱታ የለም፤ ሰው በቅጽል ስሙ ይጠራል፣ "አንተ" ይባላል። ምሳው ሲያልቅ ጋሽ ታደሰ ተመልሰው ጋሽ ታደሰ ይሆናሉ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ቆየን። ከዚያ አሜሪካ በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጨመረች፤ እርዳታዋንም ቀነሰች ተባለ። ጉዳዩ ከወሬ አልፎ እኛው ወደብ ላይ መጣ። እርዳታ ይጭኑ የነበሩ ሾፌሮች ሥራ ፈተው ተቀመጡ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ተራቸው ሳይደርስ ሳምንት ቆጠሩ፤ ግን "ደግ አደረገች" እያሉ ነው። እኔ በንዴት ሳነብ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ወግ አጥባቂዎቹ ለረጅም ዘመን ነጻ ንግድ፣ ነጻ ገበያ ሲሉ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ቀረጥ ይቆለል የሚሉትም እነሱው ናቸው። ታዲያ ወጉን ማን አጠበቀው? በዚህ ጥያቄ ጋሽ ታደሰ አፋቸው እንደሚዘጋ እርግጠኛ ሆንኩ።

አላስቻለኝም። ወደብ በር ላይ ሰልፍ ይዤ እንደቆምኩ ስልኬን አወጣሁና ለሾፌሮቹ ቡድን የድምፅ መልእክት ላክሁ። ጮክ ብዬ ነው የምናገረው፦

"ሪፐብሊካኑን ነገ እንጥለዋለን። አዲስ ጥይት ይዣለሁ፤ የማያዳግም። ሰባት ሰዓት ላይ ሁላችሁም ሰባት ቢስ ተገኙ።"

ጋሽ ታደሰም ወዲያው መለሱ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርጌ አዳመጥኩት። "ሪፐብሊካን በአንተ ጥይት አይወድቅም። ሞክረው። እኔም ባዶ እጄን አልመጣም።"

ከት ብዬ ሳቅሁ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ከሾፌሮች የለቀመው የገበያ አማርኛ እንዳለው አላወቅሁም። "ነገ" የሚለውን ያውቃል። "ጥይት" የሚለውን ያውቃል። "መጣል" የሚለውንም ያውቃል። ሪፐብሊክ ደግሞ እሱ በሚያውቀው በፈረንሳይኛው አሜሪካ ውስጥ ያለ ፓርቲ አይደለም። የገዛ አገሩ ስም ነው፤ በየማኅተሙና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተጻፈ።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዘይነባ ቤት ሞልቷል። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡና አንዱ ስልኩን ከፍቶ፣ ከሾፌሮቹ ቡድን በማን በኩል እንዳገኘው ያላወቅሁትን የእኔን ድምፅ አሰማ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሰዎቹ አልሳቁም። "ይህ የማን ድምፅ ነው?" አለ በፈረንሳይኛ። እጄን አነሳሁ። ቀጥሎ የጋሽ ታደሰን አሰማ። እሳቸው ፈረንሳይኛ አይሰሙም፤ የራሳቸውን ድምፅ ግን ስለሰሙ ፈገግ ብለው እንደ እኔ እጃቸውን አነሱ። ያ ፈገግታ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስልካችንንና ወረቀታችንን ወስደው መኪና ውስጥ አስገቡን። በመኪናው ውስጥ ጋሽ ታደሰ በጆሮዬ "ምን አጠፋን?" አሉኝ። "ምንም፤ የቃል ስህተት ነው፤ አሁን አስረዳቸዋለሁ" አልኩ። ጣቢያው ስንደርስ ለየብቻ አስገቡን። ሲለያዩን ጋሽ ታደሰ ዞር ብለው "ብሩክ፣ ስሜ እዚህ ከተጻፈ ጋላፊን ዳግም አላልፍም" አሉኝ። በጋላፊ ድንበር ያልተፈቀደለት ሾፌር ይህን መንገድ መሥራት አይችልም። የመጨረሻ ዓመታቸው ነው። ያን ድምፅ የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ውኃ የሚያንጠባጥብ ማቀዝቀዣ አለ። ከሥሩ የወተት ጣሳ አስቀምጠዋል። ሰዓት ስላልነበረኝ ጣሳዋ ሞልታ ስትፈስ ብቻ ነው ጊዜው መሄዱን ያወቅሁት። በግምት ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ የፖሊስ ካፒቴን አቃፊ ይዞ ገባ። በፈረንሳይኛ ጀመርኩለት። እጁን አነሳና በአማርኛ፣ በጥርት ባለ የድሬዳዋ አማርኛ፣ "አቦ ተወው፤ ድሬ ነው የተማርኩት" አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የበለጠ ፈራሁ፤ ከዚህ ወዲያ በቋንቋ ማመካኘት አልችልም።

ሁሉንም አስረዳሁት። ሪፐብሊካን ማለት የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ደጋፊ ነው፤ የጋሽ ታደሰ ቅጽል ስም ነው፤ ጥይት ማለት መከራከሪያ ነው፤ መጣል ማለት ማሸነፍ ነው አልኩ። ካፒቴኑ መልእክቱን እንደገና ከፍቶ አሰማኝ።

"'እንጥለዋለን' ነው ያልከው" አለ።

"አዎ።"

"እዚህ ከገባህ ጀምሮ ሽማግሌውን 'እሳቸው' ነው የምትላቸው። አንዴም 'እሱ' አላልክም። እኛ ድሬ አንቱ አንልም፤ ሁሉም ሰው አንተ ነው። አንተ ግን የድሬ ሰው አይደለህም። የምትጥሉት ሽማግሌውን ቢሆን 'እንጥላቸዋለን' ትል ነበር። ንገረኝ፣ 'እንጥለዋለን' ያልከው ማንን ነው?"

ክው አልኩ። እናቴ ካስተማረችኝ ሥርዓት የተረፈችው አንዲት አንቱታ መልሳ አንቃ ያዘችኝ። የገበታውን ሕግ ነገርኩት፤ በክርክር ሰዓት አንቱ የለም አልኩ። ለራሴም ቢሆን ሲሰማኝ የተፈጠረ ውሸት ይመስላል።

"ደስ የሚል ሰበብ ነው" አለ ካፒቴኑ። አቃፊውን ከፈተ። "ስለ አሜሪካ ሦስት ዓመት ተከራክረናል ትላለህ። እንግዲህ ሦስት ዓመት የተከራከረ ሰው የሌላውን ሐሳብ ያውቀዋል። ሽማግሌውን እምነትህ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ ጽፌያለሁ። የዚህ ልጅስ እምነት ምንድን ነው ብዬ ያንንም ጽፌያለሁ። አሁን አንተ የእሱን ንገረኝ። የራስህን አይደለም። እሱ እንደሚለው አድርገህ፣ ምክንያቱን ጭምር። ቃላችሁ ከገጠመ ክርክር ነበር። ካልገጠመ ይህ ሁሉ ቀድማችሁ ያዘጋጃችሁት ተረት ነው።"

ቀላል መሰለኝ። እንደ ልማዴ ቶሎ ጀመርኩ። "የሚሉት ይህ ነው፦ ሀብታም ሀብቱን ይብላ፣ ድሃም የራሱን ይወጣ። የውጭ ሰው አይግባ። የተራበ ቢሞት የራሱ ስንፍና ነው..."

ካፒቴኑ በእስክሪብቶው ወረቀቱን እየተከተለ ቆየና ቀና አለ። "ይህ እዚህ የለም።"

"የለም?"

"አንድ መስመር የለም። ይህን የሚያምን ሰው ክፉ ሰው ነው። እዚያ ክፍል የተቀመጠው ሽማግሌ ክፉ ሰው አይደለም። ወይ ዋሽተሃል፣ ወይ ሰውየውን አታውቀውም።" አቃፊውን ዘጋው። "የሁለታችሁንም ስም ለድንበር አስተላልፋለሁ። የቀረውን የሚመለከተው ክፍል ያጣራዋል።"

"ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ" አልኩ።

ሰዓቱን አየ። ሻይ ሊያስመጣ ወጣ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጋሽ ታደሰን ለማድመጥ ሞከርኩ። የሚመጣልኝ ግን የእኔው ድምፅ ነው። ይህን ሲሉኝ እንዲህ መለስኩላቸው፣ ያን ሲሉኝ እንዲያ አድርጌ ጣልኳቸው። መልሶቼን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። መልስ የሰጠሁበትን ነገር ግን ግማሹን አላውቀውም። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሲናገሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን የሰማሁት የምመታውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ባዶነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ራስ ዲካ የሚባለው ቦታ ትዝ አለኝ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሁለታችን ባሕሩ ዳር ተቀምጠናል። ቢሮ ዝግ ነው፤ ክርክርም የለም፤ ዝም ብለን ውኃውን እናያለን። ጋሽ ታደሰ በድንገት "አባቴ አንድ ዓመት ማሽላውን ለከብት ሰጠው" ብለው ታሪኩን ጀመሩልኝ። ያን ቀን የመለስኩላቸውም አብሮ ትዝ አለኝና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ካፒቴኑ ሻዩን ይዞ ሲመለስ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። በሕይወቴ በዚያ ዝግታ ተናግሬ አላውቅም።

"ጋሽ ታደሰ እርዳታን የሚቃወሙት ድሃ ስለሚጠሉ አይደለም። አባታቸው ጭሮ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። አንድ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ሆኖ ማሽላው ያዘላቸው። ገበያ ይዘውት ሲወጡ ከአሜሪካ የመጣ ማሽላ ቀድሞ ደርሷል፤ በነጻ የታደለው በየሱቁ በርካሽ ይቸበቸባል። የአባታቸውን የሚገዛ ጠፋ። መልሰው ወስደው ለከብት ሰጡት። ጋሽ ታደሰ መንግሥት እጁን ይሰብስብ የሚሉት ከዚያ ተነስተው ይመስለኛል። ከሩቅ ሆኖ ለሰው የሚያስብ፣ የሰውየውን ማሳ አያይም ነው የሚሉት። ቀረጡንም የሚደግፉት ለዚህ ነው፤ የአገር ሰው ያመረተው አስቀድሞ ይሸጥ ነው ነገሩ።"

ካፒቴኑ እየጻፈ አይደለም፤ እያነበበ ነው። "ከዚያስ?" አለ።

"ምን ከዚያስ?"

"ማሽላውን ለከብት ከሰጠ በኋላ አባትየው ምን አደረገ?"

"አላውቅም።"

"ሦስት ዓመት ተከራክራችሁ አታውቅም?"

መዋሸት ይቻል ነበር። አንድ ነገር ፈጥሬ ብናገር ሊገጥም ይችላል ብዬም አስቤአለሁ። ግን ደከመኝ። "አላስጨረስኳቸውም" አልኩት። "'ጋሽ ታዴ፣ አንድ ገበሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥናት አምጡ' ብዬ አቋረጥኳቸው። ስቄም ነበር። እሳቸው 'ይሁን' ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅሁም።"

ካፒቴኑ ገጹን ገልጦ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገና የጋሽ ታደሰን ቃል አነበበልኝ፦

"'የአባቴን ነገር አንድ ጊዜ ጀምሬለት አላስጨረሰኝም። ልጅ ነው፤ ቸኩሎ ነው። አልተቀየምኩትም።'"

እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተ። "ይህን ሁለት ሰው ተማክሮ አያዘጋጀውም" አለ። ያሳመነው የእኔ ሐሳብ ትክክለኛነት አልነበረም። ያስፈታን፣ በሕይወቴ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ ዛሬም ድረስ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ያ ማቋረጤ ነው።

ልነሳ ስል "ቆይ" አለኝ። "ስለ አንተ ያለውን አትሰማም?" እና አነበበ፦

"'ብሩክ መንግሥት ሰውን ያንሳ የሚለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እናቱ እሱን ስትወልድ ደም ፈሷት ነበር። እጅዋ ላይ ምንም አልነበረም። ያተረፋት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው፤ መድኃኒቱም እርዳታ ነበር። ማንም ክፈይ አላላትም። ልጁ ስለ ግብር ሲከራከር ስለ እናቱ ነው የሚከራከረው። እኔም የእሷ ልጅ ብሆን እንደ እሱ አስባለሁ።'"

ይህን ለጋሽ ታደሰ የነገርኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መኪና ውስጥ፣ በጨዋታ መሃል። ለክርክር ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ማስረጃ ነው ብዬም አስቤው አላውቅም። እሳቸው ግን ይዘውት ነበር። እንባዬ መጣ፤ ካፒቴኑ እንዳያይ ወደ ጣሳዋ ዞርኩ።

ስልካችንንና ወረቀታችንን መለሱልን። ስማችን ወደ ድንበር አልተላከም። ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆሞ ለእኔ "ዳግመኛ ወደብ በር ላይ ስለ ጥይት አታውራ" አለኝ። ጥቂት አሰበና ጨመረ፦ "ደግሞ ሽማግሌ ሲሆን 'እንጥላቸዋለን' ነው የሚባለው።"

ስንወጣ ፀሐይዋ አልበረደችም። ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን ዘይነባ ቤት ትተው ስለመጡ በጥላው በጥላው ሄድን። ምንም አልወቀሱኝም፤ ያ ነው የከበደኝ። አንድ ግድግዳ ሥር ሲያርፉ "ጋሽ ታዴ፣ ማሽላውን ለከብት ከሰጡት በኋላ አባትዎ ምን አደረጉ?" አልኳቸው።

ገርሟቸው አዩኝ። "ማን ነገረህ?"

"እርስዎ። ራስ ዲካ።"

ላባቸውን ጠረጉ። "በዓመቱ እኔ ረዳት ሆኜ መኪና ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያ ጭነታችን ያው የእርዳታ ማሽላ ነበር፤ ያራገፍነውም እኛው ከተማ ነው። አባቴ ገበያ መጥቶ ጆንያው ላይ ቆሜ አየኝ። 'አንተ ነህ እንዴ የምታመጣው?' አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በዚያው ሳምንት በሬዎቹን ሸጠ።" ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ከዚያማ ይኸው ስነዳ ኖርኩ። ስለ እርዳታ ስናገር አሜሪካን የማማ ይመስልሃል። ራሴን ነው የማማው።"

መልስ ነበረኝ። ያ እህል ባይመጣ በዚያ ወረዳ ስንት ሰው ይሞት ነበር የሚል መልስ፣ አፌ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። ጋሽ ታደሰ ፊቴን አይተው "በለው" አሉኝ። "ባይመጣ የሚሞት ነበር ልትል ነው። አውቀዋለሁ። የአንተንማ ከነነጥቡ አውቀዋለሁ።"

ዘይነባ ያን ቀን አሜሪካንም ከለከለችን። ለሁለት ሳምንት ስለ እግር ኳስ አወራን፤ ማንም አልተዋጣለትም። ለምነናት ስትፈቅድ ግን ገበታው አዲስ ሕግ አወጣ። ተናጋሪ አስቀድሞ የተቃራኒውን ሐሳብ ይናገራል፤ ባለቤቱ "ልክ ነው፣ እኔ ነኝ" እስኪል ድረስ የራሱን መጀመር አይችልም። መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ቀዝቅዞ ያልቅ ነበር። አንዳንዱ ሾፌር የሌላውን ሐሳብ ሲናገር ባለቤቱ "እኔ እንኳ እንዲህ አሳምሬ አልተናገርኩትም" ብሎ ይደነግጥ ነበር። ያቺን የቀረጥ ጥይቴንም በመጨረሻ ተኮስኳት። ጋሽ ታደሰ "እውነትህን ነው፤ እዚህ ላይ ወጉ ላልቷል" አሉና ጭብጨባውን አገኘሁ። እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሐሳባችሁን ቀይሩ አልላችሁም፤ እኔም አልቀየርኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። አዘውትራችሁ የምትከራከሩትን ሰው አስቡ፤ ወንድም ይሁን ባል ወይም የሥራ ባልደረባ። ነገ አንድ ሰው በር ዘግቶ "የእሱን ንገረኝ፤ ምክንያቱን ጭምር" ቢላችሁ፣ ያንን ሰው ታስፈቱታላችሁ? እኔ ሳላስፈታቸው ልቀር ለጥቂት ነበር፤ ያተረፈችን አንዲት አረፍተ ነገር ናት።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ ወጥተው ጭሮ ገብተዋል። አርሰዋል አሉ፤ ማሽላ። ዓርብ ዓርብ እደውልላቸዋለሁ፤ የአሜሪካን ወሬ እነግራቸዋለሁ፤ እንከራከራለን። ስለ ቀረጥም ስለ ግብርም ስለ እርዳታም ጋሽ ታደሰ ዛሬም ተሳስተዋል። ለምን እንደተሳሳቱ ግን ከእሳቸው ይበልጥ አሳምሬ የምናገረው እኔ ነኝ። እሳቸውም ስለ እኔ ይህንኑ ይላሉ።